የጤና መድን ደብተራችን ከአንድ ዓመት በኋላ

የምጽፈው ስለ ማህበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ነው፤ ቤተሰብ በዓመት መዋጮ ከፍሎ ደብተር ያወጣል፣ ሲታመም በደብተሩ ይታከማል። በተለይ እኛ ሰፈር፣ አቃቂ ቃሊቲ ዳር፣ ኮንዶሚኒየሙ አልቆ የጭቃ ቤቱ በሚጀምርበት አካባቢ እንዴት እንደሚሠራ። እኔ እንጀራ ጋግሬ ለሱቆች አስረክባለሁ። ሁለት ልጆች አሉኝ፣ ስኳርም ግፊትም ያለባት እናቴም አብራን ትኖራለች። የዓመቱ መዋጮ በአንድ ጊዜ ነው የሚከፈለው። እናቴ እንደ ተጨማሪ የቤተሰብ አባል ስለተመዘገበች ለሷ ለብቻው ከፈልኩ። ሁሉም ተደምሮ የሁለት ሳምንት ትርፌን ወሰደ። የዚያን ቀን ከፍቶኝ ነበር። ዛሬ ግን ባለፈው ዓመት ካወጣሁት ብር ሁሉ እሱን ያህል የጠቀመኝ የለም።

ምክንያቱን ልንገራችሁ። ከደብተሩ በፊት እናቴ መድኃኒቷን ትቆጥብ ነበር። ጠዋትና ማታ የታዘዘላትን የስኳር መድኃኒት፣ ሜትፎርሚን፣ በቀን አንዴ ብቻ ትወስዳለች፤ እኔን ላለማስቸገር ብላ። ያወቅሁት አንሶላ ስቀይር ከፍራሹ ስር በፌስታል የተቋጠረ ክኒን ሳገኝ ነው። «ለክፉ ቀን ብዬ ነው ልጄ» አለችኝ። አሁን በየወሩ ቀጠሮዋን አታሳልፍም፣ ክኒኗንም አትቆጥርም።

ጤና ጣቢያው ራሱ እንዴት ነው ካላችሁ፣ ጠዋት 1 ሰዓት ሳይሞላ መድረስ ያስፈልጋል። ካርድ ክፍል ደብተሩን ያዩና ስም ይጽፋሉ፤ ገንዘብ የሚባል ነገር አይነሳም። ያችን ቅጽበት እወዳታለሁ። ቦርሳዬን ሳልከፍት ወደ ውስጥ አልፋለሁ። ግፊት የምትለካው ሲስተር እናቴን «እማማ፣ ጨው ቀነሱ?» ብላ በስሟ ሳይሆን እንደ ልጇ ሆና ታነጋግራታለች፣ የባለፈውንም ወር ቁጥር መዝገቡ ላይ አይታ ታስታውሳታለች። በዚህ በኩል ቅሬታ የለኝም።

ቅሬታዬ መድኃኒት መስኮቱ ላይ ነው። በዓመቱ ውስጥ ከሄድንባቸው ቀጠሮዎች በአምስቱ የግፊት መድኃኒቷ አምሎዲፒን «የለም» ተብለናል። ሁለት ጊዜ ደግሞ ላብራቶሪው ሪኤጀንት፣ ማለትም የምርመራ ኬሚካል፣ አልቆበት ምርመራውን በግል ክሊኒክ ከፍለን አሠራን። በመጀመሪያው ጊዜ መድኃኒቱን በገዛ ገንዘቤ ከውጭ ገዛሁ፤ ሌላ መንገድ እንዳለ የነገረኝ ሰው አልነበረም። በሦስተኛው ወር አንድ ወጣት ባለሙያ መድኃኒቱ አለመኖሩን የሚገልጽ ማህተም ማዘዣው ላይ መታልኝና ከመድኑ ጋር ውል ወዳለው መድኃኒት ቤት ላከኝ። እዚያ በደብተሩ ያለ ክፍያ ሰጡኝ። ስለዚህ «የለም» ስትባሉ ማህተሙን ሳታስመቱ ከመስኮቱ አትነሱ። ይህ ግድግዳ ላይ በትልቁ ተጽፎ መለጠፍ የነበረበት ነገር ነው።

ያንን ወጣት ባለሙያ መድኃኒቱ ለምን እንደሚያልቅ ጠይቄው ነበር። ጤና ጣቢያው እኛን አስቀድሞ ያክማል፣ ሂሳቡን ኋላ ከመድኑ ይጠይቃል፤ ክፍያው ሲዘገይ መድኃኒት መግዣው ያጥራል አለኝ። ገባኝ። ግን መዘግየቱን የሚሸከመው ማነው? ገንዘብ ያለው ሰው ከውጭ ገዝቶ ይሄዳል። የሌለው ባዶ እጁን ይመለሳል፤ መዋጮውን ግን ሁለቱም ከፍለዋል።

ደግሞ ርቀቱ አለ። ሥርዓቱ ከጤና ጣቢያ እንድትጀምሩ ነው የሚፈልገው፤ ከድንገተኛ ሕመም በቀር ያለ ሪፈር ሆስፒታል መሄድ አያዋጣም። እኛ ጋ ባጃጅ፣ ከዚያ ታክሲ፣ ከዚያ ሌላ ታክሲ ነው። ለሁለት ሰው የደርሶ መልስ ትራንስፖርት ደብተሩ ላይ የለም።

አሁን ይህን ሁሉ እንድጽፍ ወዳደረገኝ ነገር ልምጣ። ከጓሮዬ አንዲት ክፍል ተከራይታ የምትኖር ልጅ አለች። በቀን ሥራ ሲሚንቶ ትሸከማለች። ከገጠር ከመጣች ሦስት ዓመት ሆኗታል። መድኑ ሲጀመር በ13 የገጠር ወረዳዎች ነበር የተሞከረው፣ በ2003 ዓ.ም. ገደማ፤ የታሰበውም እንደ እሷ ላለ፣ ደመወዝ ለሌለው ሰው ነው። መክፈል ለማይችል የድሃ ድሃ ደግሞ መንግሥት ይከፍልለታል። እሷ ግን በሁለቱም አልገባችም። ለመመዝገብ የነዋሪነት መታወቂያ ይጠየቃል፣ ለመታወቂያው ከመጣችበት ቀበሌ መሸኛ ያስፈልጋል። የድሃ ድሃ ተብላ እንድትመረጥም ወረዳው አያውቃትም።

ወደ ሐምሌ አካባቢ የሦስት ዓመት ልጇን ሳንባ ምች ያዘው። ክትባቱን በነፃ ነው ያስከተበችው፣ እሱንም የወለደችው በነፃ ነው፤ ወሊድና ክትባት ደብተር ላለውም ለሌለውም አይከፈልባቸውም። ሳንባ ምች ግን ይከፈልበታል። ለካርድ ከፈለች፣ ለምርመራ ከፈለች፣ አሞክሳሲሊኑ ላይ ስትደርስ የቀራት ብር የአምስት ቀኑን አልሞላም። የሁለት ቀኑን ገዝታ መጣች። ማታ በሬን አንኳኳች፣ «እትዬ፣ ትኩሳቱ ከለቀቀው ይበቃዋል አይደል?» አለችኝ። አይበቃውም አልኳት። የቀረውን በማግስቱ አብረን ሄደን ገዛን። ሌሊቱን ግን የእናቴ ክኒን ካርቶን መሳቢያዬ ውስጥ ሞልቶ ተቀምጦ እያለ፣ የዚያን ልጅ ሳል በግድግዳው በኩል ሳዳምጥ አደርኩ። አንድ ግቢ ነው የምንኖረው፣ አንድ ጤና ጣቢያ ነው የምንሄደው።

ወረዳ ሄጄ ስለሷ ጠይቄያለሁ። የተቀበለችኝ ሠራተኛ ክፉ ሰው አልነበረችም፤ «መሸኛ ካመጣች ዛሬውኑ እናያለን» አለችኝ። መሸኛው ያለው የአንድ ቀን ሙሉ የአውቶቡስ መንገድ ርቆ ነው፣ ያ ደግሞ የሳምንት የቀን ሥራ ነው። ቤት አከራይ ምስክር ሆኖ በጊዜያዊነት እንዲመዘገቡ ለምን አይደረግም? እኔ እፈርምላታለሁ። በዚህ ዳር ሰፈር ፎቁን ሁሉ የሚሠሩት እነሱ ናቸው።

ደብተሩን አውጡ፣ ያላወጣችሁ። ምዝገባና እድሳት ወቅት ጠብቆ ነው የሚከፈተው፤ ካለፈ ስትታመሙ ሄዳችሁ አይሰጣችሁም። የቤተሰቡን ሁሉ ፎቶ አስቀድማችሁ አዘጋጁ። እኔም ሲከፈት አድሳለሁ፣ የእናቴንም ጭምር።

ልጅቱ ትናንት ሌሊት ለመሸኛው አገሯ ተሳፍራለች። የመሳፈሪያውን ግማሽ ከግቢው ሰው አዋጥተን ሰጠናት። ልጇ እኔ ጋ ነው፣ አሁን ከእናቴ ጋር እንጀራ ጫፍ እየበላ ነው፤ ሳሉም ለቆታል።