የመምህራን አቤቱታ ያስጻፍንበት የፎቶ ኮፒ ቤት፣ ደሴ ፒያሳ

የዘገየ ደመወዛችንና የመማሪያ መጻሕፍት እጥረት የተዘረዘሩበትን የጋራ አቤቱታ ያስጻፍነው ፒያሳ በሚገኝ አንድ የጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤት ነው። ጸሐፊዋ «መምህር፣ ፊርማው ለብቻው ወረቀት ላይ ከዋለ የየትኛው ማመልከቻ እንደሆነ በምን ይታወቃል?» ብላ በየፊርማው ገጽ ራስጌ ላይ ርእሱንና የገጹን ቁጥር አስገባችልን፤ ለዚህ ጥንቃቄዋ ከልብ አመሰግናታለሁ። በየካቲት 1966 ዓ.ም. ሥራ ያቆሙት መምህራን ከደመወዛቸው ባሻገር በጊዜው የነበረው መንግሥት የትምህርት ሥርዓቱን ለመለወጥ ያቀረበው የትምህርት ክለሳ የድሃውን ልጅ ዕድል ያጠባል ብለው መቃወማቸውን ለሚያስታውስ ሰው፣ እንዲህ ያለው ወረቀት ተራ ማመልከቻ አይደለም። ቀለም በማለቁ የመጨረሻዎቹ ቅጂዎች ደብዝዘው ነበር፤ የሠራተኞችን መብት የሚደነግገው የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 42 የተጠቀሰበት መስመር ጭራሽ አይነበብም ነበርና ያለ ተጨማሪ ክፍያ እንደገና አባዙልን።