ለጠባብ ስቱዲዮ የትኛው ሶፍትቦክስ? 60 በ90፣ ባለ 90 ኦክታ እና ባለ 120 ኦክታ ሲነጻጸሩ

አዳማ ውስጥ እስካሁን የሠራሁባቸው ሦስት የስቱዲዮ ክፍሎች ሁሉም መጀመሪያ ለሱቅ የተሠሩ ነበሩ። ወርዳቸው ከሦስት ሜትር ብዙም አያልፍም፤ ኮርኒስ ከተመታ በኋላ ጣሪያቸው 2.70 ሜትር ገደማ ነው። ሶፍትቦክስ (የመብራትን ብርሃን በነጭ ጨርቅ አሳልፎ የሚያለሰልስ ሳጥን) ሊገዛ የተነሣ ሰው ዋጋ ከመጠየቁ በፊት ሜትር ይዞ ክፍሉን ቢለካ ይሻለዋል የምለው ከዚህ ተነሥቼ ነው። ከዚህ በታች የማነጻጽራቸው ሦስቱ፣ ማለትም 60 በ90 ሴንቲ ሜትር የሆነው አራት ማዕዘን፣ ባለ 90 ሴንቲ ሜትሩ ኦክታ (ስምንት ማዕዘን) እና ባለ 120ው ኦክታ፣ በሰፊ አዳራሽ ውስጥ ሁሉም መልካም ሥራ ይሠራሉ፤ ልዩነታቸው የሚጎላው ግድግዳና ጣሪያ ሲጠጋ ነው።

ብርሃን የሚለሰልሰው ምንጩ ከሚያርፍበት ፊት አንጻር ትልቅ ሆኖ ሲታይ ነው። ስለዚህ ባለ 120ው ሦስት ሜትር ርቆ ሲቆም፣ አንድ ሜትር ድረስ ከተጠጋው 60 በ90 ይልቅ ጠርዙ የደረቀ ጥላ ይጥላል። ገዢዎች በብዛት የሚስቱት ሌላ ስሌትም አለ፦ 60 በ90ው 5,400 ካሬ ሴንቲ ሜትር ሲሸፍን፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ 90 የሚለካው ኦክታ የሚሸፍነው 5,700 ገደማ ነው። በልስላሴ ረገድ በሁለቱ መካከል ይህ ነው የሚባል ልዩነት የለም፤ ለኦክታው ጭማሪ የሚጠየቅ ሰው የሚከፍለው ለቅርጹ መሆኑን ይወቅ። ባለ 120ው ግን ከ10,000 ካሬ ሴንቲ ሜትር ስለሚበልጥ በእርግጥ የተለየ ዕቃ ነው።

ቅርጹ የሚታየው በመጀመሪያ በዓይን ውስጥ ነው። አራት ማዕዘኑ በብሌኑ ላይ የመስኮት መልክ ያለው ነጸብራቅ ሲተው ኦክታው ክብ የሚመስል ነጥብ ይተዋል፤ የሙሽራ ፎቶ የሚያሠሩ ደንበኞቼ ምክንያቱን ባይናገሩም ክቡን ይመርጣሉ። እኔ በበኩሌ የመስኮቱን መልክ አልጠላውም። አራት ማዕዘኑ ደግሞ ቆሞ ሲዞር 60 ሴንቲ ሜትር ወርድ ብቻ ስለሚይዝ ከግድግዳ ጋር ተጠግቶ፣ ከራስ እስከ ወገብ እኩል ያበራል። ጉርድ ፎቶና የቆመ የምርቃት ፎቶ ለሚበዛበት ስቱዲዮ ይህ ይበቃል።

ባለ 120ውን ብዙዎች ሲመኙት አያለሁ፤ ጣሪያው ግን ይከለክላል። 1.70 ሜትር ቁመት ላለው የቆመ ሰው የሳጥኑ መሐል 2.25 ሜትር ላይ ወጥቶ 30 ዲግሪ ያህል ወደ ታች ቢያዘነብል፣ የላይኛው ጠርዝ 2.77 ሜትር ይደርሳል፤ ይኸውም ከኮርኒሱ በላይ ነው። ባለ 90ው በዚሁ አቋም 2.64 ላይ ስለሚቆም ለጥቂት ይተርፋል። ተቀማጭ ሰው ሲሆን ችግሩ ይቀልላል። ባለ 120ው ዋጋውን የሚያወጣው ቤተሰብ በሚነሣበት ጊዜ ነው፦ መብራቱ ለአባትየው አንድ ሜትር፣ ለዳር ልጁ ሁለት ሜትር ከራቀ ልጁ የሚያገኘው ብርሃን በግምት ሩቡን ብቻ ነው፤ መብራቱ ወደ ኋላ ተስቦ ርቀቱ ሁለትና ሦስት ሜትር ሲሆን ልዩነቱ ወደ አንድ ስቶፕ፣ ማለትም ወደ ግማሽ ያህል ብርሃን፣ ይወርዳል፤ ትልቁ ሳጥን ደግሞ ያን ያህል ሲርቅ ከትንንሾቹ ይልቅ ልስላሴውን ይይዛል።

ከመጠኑ ይልቅ እኔን ያስከፈለኝ የግሪድ፣ ማለትም ከሳጥኑ ፊት ተገጥሞ ብርሃኑ ወደ ጎን እንዳይረጭ የሚያግደው መረብ፣ አለመኖር ነው። የመጀመሪያው ክፍሌ ግድግዳ ውኃ አረንጓዴ ቀለም ተቀብቶ ነበር፤ አከራዩም እንዳይነካ ብለውኝ ነበር። ያለ ግሪድ የገዛሁት ሳጥን ወደ ጎን የሚረጨው ብርሃን ከዚያ ግድግዳ ተመልሶ በሰው ጉንጭ ጥላ ውስጥ ያርፍ ነበርና፣ አንዲት እናት ነጠላቸውን ተከናንበው የተነሡት ፎቶ በግራ በኩል ነጠላው እንደ ሣር ለምልሞ ወጣ። ነጭ ልብስ የመጣበትን ቀለም ሁሉ ስለሚያሳይ፣ ሐበሻ ቀሚስ በሚበዛበት ሥራ ይህ ጉድለት አይደበቅም። በጨርቅ የተሠራው ግሪድ አንድ ስቶፕ ገደማ ብርሃን ይበላል፤ ሆኖም ብርሃኑን ከግድግዳና ከባክግራውንድ ስለሚከለክል በሦስት ሜትር ክፍል ውስጥ ግሪድ የሌለው ሳጥን እንዳይገዛ አጥብቄ እመክራለሁ። የውስጠኛው ነጭ ጨርቅ መኖሩም መረጋገጥ አለበት፤ እሱ ከሌለ የብርሃኑ መሐል ከልክ በላይ ደምቆ ዳሩ ይጨልማል።

አምፖል የሚገባበት 50 በ70 ሳጥን ከነስታንዱ በርካሽ ይገኛል። ለማይንቀሳቀስ ዕቃ ይሆናል፤ ለሕፃን ግን አልመክረውም፤ ብርሃኑ ስለሚያንስ የካሜራው የመዝጊያ ፍጥነት ወደ 1/60 ሰከንድ ይወርዳልና እጁን ሲያወዛውዝ ይደበዝዛል። በ50 ኸርዝ ኤሌክትሪክ ርካሽ አምፖል በሰከንድ 100 ጊዜ ስለሚርገበገብ፣ ፍጥነቱ ሲጨመርም በፎቶው ላይ ጥቁር መስመር ሊያወጣ ይችላል። መብራት ለሚጠፋበት ሰፈር ባለ ባትሪ ፍላሽ ይሻላል። ሳጥኑ የቦወንስ ማውንት (ከፍላሹ ጋር የሚያያዝበት መያዣ) ያለው ይሁን፤ የእንግሊዙ የቦወንስ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2017 ቢዘጋም፣ ጎዶክስን ጨምሮ ብዙ አምራቾች በዚሁ መያዣ ስለሚሠሩ ፍላሽ ሲለወጥ ሳጥኑ አይጣልም።

ባጠቃላይ ለመጀመሪያ ገዢ እኔ የምመርጠው ባለ ግሪዱን ባለ 90 ኦክታ ነው፤ እንደ ጃንጥላ የሚከፈተው ቢሆን ደግሞ ለሰርግ ቤት ይዞ ለመውጣት ይመቻል። ደጅ ላይ ግን የአሸዋ ከረጢት ከስታንዱ እግር ሳይታሰር እንዳይቆም፤ የንፋስ ኃይል ማመንጫ የተተከለባት ከተማ ውስጥ ሶፍትቦክስ እንደ ጀልባ ሸራ ነው። ሁለት ሳጥን የሚገዛ ሰው ደግሞ የሁለቱን የፊት ጨርቅ ጎን ለጎን ዘርግቶ በፀሐይ ብርሃን ያስተያይ፤ አንዱ ወደ ቢጫ ካደላ የፊቱ ሁለት ጎን ሁለት ቀለም ይሆናልና፣ ሻጩ ማሸጊያውን ለመክፈት ፈቃደኛ ካልሆነ ሌላ ሱቅ መሄድ ነው።