«አዲስ የአጥንት ስካነር አስገብተናል» ሲሏችሁ ከመክፈላችሁ በፊት

ወገኖቼ፣ እናቴ የጡት ካንሰር ታማሚ ናት። ሰሞኑን ወገቧን አላስተኛ ሲላት ሐኪሟ በሽታው ወደ አጥንት ተሰራጭቶ እንደሆነ ለማየት «ቦን ስካን» አዘዘችላት። ቀጠሮው ሲርቅብን አንድ የግል ምርመራ ማዕከል ያወጣውን ማስታወቂያ አየሁ፦ አዲስ የአጥንት ስካነር፣ መርፌ የለው፣ ጨረር የለው፣ በ5 ደቂቃ የሚያልቅ። ደውዬ «ቦን ስካን ነው?» አልኩ። «አዎ እህቴ፣ እሱ ነው፤ ያውም በአዲሱ ቴክኖሎጂ» አለችኝ። 4,000 ብር ከፈልኩ።

እናቴን ካልሲዋን አስወልቀው ተረከዟን አንዲት ትንሽ ማሽን ውስጥ አስገቡት። በቃ። ውጤቱን ሐኪሟ ገና ስታየው ፊቷ ተለወጠ። ለካ የተሠራላት የተረከዝ አልትራሳውንድ ነው! አጥንት መሳሳቱን ሊጠቁም ይችላል፤ አከርካሪ ላይ ያረፈ ካንሰርን ግን አያሳይም።

ሐኪሟ ቁጭ አድርጋ አስረዳችን። ቦን ስካን የኑክሌር ሕክምና ምርመራ ነው። ቴክኒሽየም 99ኤም የሚባል ጨረር አመንጪ ንጥረ ነገር፣ አጥንት ከሚስበው መድኃኒት ጋር ተያይዞ በደም ሥር ይሰጣል። ከዚያ ውኃ እየጠጡ፣ ሽንት ቤት እየተመላለሱ ከ2 እስከ 4 ሰዓት መጠበቅ ነው። መድኃኒቱ አጥንቱ በተጎዳበትና ራሱን በሚጠግንበት ቦታ በብዛት ይከማቻል። ምስሉን የሚያነሳው ጋማ ካሜራ ከራሱ ጨረር አይለቅም፤ ከታማሚው ሰውነት የሚወጣውን ይቀበላል እንጂ። እንግዲህ መርፌው ከሌለ ካሜራው የሚያየው ነገር የለም ማለት ነው። ይህን ቀድሜ ባውቅ ኖሮ ማስታወቂያው ራሱን ያጋልጥ ነበር።

አዲስ ካሜራ በእርግጥ አለ። ካድሚየም ዚንክ ቴሉራይድ በሚባል ጨረር ተቀባይ ቁስ የሚሠሩት ዲጂታል ካሜራዎች ምስሉን ያጠሩታል፤ ታማሚው ካሜራው ሥር የሚተኛበትን ጊዜም ሊያሳጥሩ ይችላሉ። የሕሙማን ቤተሰብ እንደመሆኔ አገራችን በብዛት ቢገቡ ደስታዬ ነው። ነገር ግን መድኃኒቱ አጥንት ላይ እስኪያርፍ ያለውን ጥበቃ ካሜራ አያስቀረውም።

ስለዚህ ስትደውሉ «ቦን ስካን አላችሁ?» ብላችሁ ብቻ አትዝጉት። በደም ሥር የሚሰጠው መድኃኒት ምንድን ነው? ከመርፌው በኋላ ስንት ሰዓት ይጠበቃል? በሉ። የሐኪሙን ማዘዣ ፎቶ አንስታችሁ ላኩና የሚሠሩት ያንኑ መሆኑን በጽሑፍ ይመልሱላችሁ። እኔ ገንዘቤን ልጠይቅ ስመለስ ደረሰኙ ላይ የተጻፈው «የአጥንት ምርመራ» ብቻ ነበር፤ «አገልግሎቱን አግኝተዋል» ብለው መለሱኝ።

ከገንዘቡ በላይ የሚቆጨኝ ሌላ ነው። እናቴ ያን ወረቀት ይዛ «ተመስገን፣ አጥንቴ ደህና ነው» እያለች ለጎረቤት ሁሉ ነግራ ነበር። ትክክለኛው ምርመራ የፊታችን ማክሰኞ ነው።