ሚዛኑ ጥሩ ነው፤ «ተመራጭ ተክለ ሰውነት» የሚለው ገጽ ግን ቢዘጋ ይሻላል

የምገመግመው ዕቃ በብሉቱዝ ከስልክ ጋር የሚገናኝ የሰውነት ሚዛን ነው። ላይኛው ገጹ መስተዋት ሲሆን አራት የብረት ሰሌዳዎች አሉት፤ በባዶ እግር ሲቆሙበት ከክብደት ሌላ የስብ፣ የጡንቻና የውኃ ድርሻን ጭምር አሳያለሁ ይላል። ክብደት ለመመዘን ብቻ ለሚፈልገው ሰው እምብዛም የሚወቀስበት ነገር የለም። አብሮት የሚመጣው መተግበሪያ ግን ለወንድና ለሴት ለየብቻ «ተመራጭ ተክለ ሰውነት» እያለ ሥዕል የሚያወጣ ገጽ ስላለው፣ ይህ ግምገማ በአብዛኛው ስለዚያ ገጽ ነው።

ሚዛኑ ጠንካራና ደልዳላ ወለል ላይ ሲቀመጥ ደጋግመው ቢወጡበት ያንኑ ቁጥር ይሰጣል፤ ምንጣፍ ላይ ግን አይታመንም። ቁጥሮቹ ትልልቅና ደማቅ ናቸው፤ ከስልክ ጋር ማገናኘቱም አያስቸግርም።

የስቡ መጠን የሚወጣው በቀጥታ ተለክቶ ሳይሆን ተሰልቶ ነው፤ ይህን ማሸጊያው ላይ የሚናገር ጽሑፍ አላገኘሁም። ሚዛኑ ከአንዱ እግር ወደ ሌላው የማይሰማ ደካማ የኤሌክትሪክ ሞገድ ይልካል፤ ውኃ የበዛበት ጡንቻ ሞገዱን በቀላሉ ሲያሳልፍ ስብ ደግሞ ያግደዋል፤ መተግበሪያው ያገኘውን የእገዳ መጠን ተጠቃሚው ከሞላው ዕድሜ፣ ቁመትና ጾታ ጋር አጣምሮ በቀመር ይገምታል። ስለዚህ ውኃ የጠማው ወይም ከስፖርት በኋላ ላብ ያጠመቀው ሰው ከወትሮው የተለየ ውጤት ቢያይ ሊደነግጥ አይገባም። ሞገዱ በዋናነት የሚያልፈው በእግሮችና በታችኛው የሰውነት ክፍል ስለሆነ፣ ስለ ሆድ ዕቃ ስብ የሚሰጠው ቁጥር ይበልጥ ወደ ግምት ያደላል። በመገለጫው ላይ ሌላውን ሁሉ እንዳለ ትቼ ጾታውን ብቻ ከወንድ ወደ ሴት ስቀይረው፣ ሰውነቴ ያው ሰውነቴ ሆኖ ሳለ፣ የስብ መቶኛው ከፍ ብሎ መጣ። ሴት በተፈጥሮዋ ከወንድ የበለጠ ስብ ስለምትይዝና ይህም ለሆርሞኖቿና ለመውለድ ስለሚያስፈልጋት፣ ቀመሩ ልዩነቱን ማስገባቱ ተገቢ ነው፤ ሆኖም የውጤቱ አንድ ክፍል ከሰውነቴ ሳይሆን ከሞላሁት ቅጽ መምጣቱን ያሳያል።

አሁን ወደ ሥዕሉ ገጽ ልምጣ። ከቀጭን እስከ ወፍራም የተደረደሩ ዘጠኝ የሰውነት ጥላዎች አሉ፤ የተጠቃሚው ቦታ በቢጫ፣ «ተመራጭ» የተባለው ደግሞ በአረንጓዴ ይቀለማል። የወንዶቹ አረንጓዴ ጥላ ትከሻው የሰፋ፣ ደረቱ የተነፋ፣ ወገቡ ግን የጠበበ ነው። የሴቶቹ ደግሞ ከቀጭኑ ዳር ሦስተኛዋ ላይ ያርፋል። የሚገርመው፣ የመተግበሪያው የመጀመሪያ ገጽ ክብደቷን «ጤናማ» ብሎ ያጸደቀላት ሴት ወደዚህ ገጽ ስትሻገር ከአረንጓዴው ርቃ በቢጫ ትቀለማለች፤ ለምን እንደራቀች የሚገልጽ አንድ መስመር ማብራሪያ እንኳ የለም።

ዘጠኝ ሥዕሎችን ደርድሮ ሰውን ማስመረጥ በጥናት ዓለም የቆየ ዘዴ ነው፤ በ1983 እ.ኤ.አ. ተመራማሪው ስተንካርድና ባልደረቦቹ ያዘጋጁት ረድፍ እስከ ዛሬ ይጠቀሳል። በ1985 ፋሎንና ሮዚን የተባሉ ተመራማሪዎች በዚህ ረድፍ ለአሜሪካ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ጥያቄ አቀረቡ፦ አሁን የትኛውን ትመስላለህ፣ የትኛውን መምሰል ትፈልጋለህ፣ ተቃራኒ ጾታ የትኛውን የሚወድ ይመስልሃል? የወንዶቹ ሦስት መልሶች እርስ በርስ ተቀራረቡ። ሴቶቹ ግን አሁን እንመስለዋለን ያሉት ሥዕል ከሚመኙት የወፈረ ነበር፤ ወንዶች ይወዳሉ ብለው የገመቱት ሥዕልም ወንዶቹ በትክክል ከመረጡት የቀጠነ ሆነ። ወንዶቹም በበኩላቸው ሴቶች የሚወዱትን ከእውነቱ አግዝፈው ገመቱ። በ2000 ደግሞ ተመራማሪው ፖፕና ባልደረቦቹ በኦስትሪያ፣ በፈረንሳይና በአሜሪካ ባደረጉት ጥናት፣ ወጣት ወንዶች የተመኙት ሰውነት ከራሳቸው በ13 ኪሎ ገደማ የበለጠ ጡንቻ ያለው ነበር፤ ሴቶች ይወዱታል ብለው ያሰቡትም እንዲሁ የገዘፈ ነበር። በአንድ የሙከራ ጥናት የተጠየቁት ሴቶች ግን ተጨማሪ ጡንቻ የሌለበትን ተራ የወንድ ሰውነት መረጡ። እንግዲህ ይህ መተግበሪያ በአረንጓዴ የሚያስጌጠው ሌላ ነገር ሳይሆን እያንዳንዱ ጾታ ስለ ሌላው የያዘውን የተሳሳተ ግምት ነው፤ ወንዱን ግዘፍ፣ ሴቷን ቅጠኚ ይላል፤ ሁለቱንም የሚገፋው ሌላኛው ወገን ወደማይጠይቀው አቅጣጫ ነው።

ነገሩ ከራሱ ከመተግበሪያው ሒሳብ ጋርም ይጋጫል። የመጀመሪያው ገጽ የሚጠቀመው ክብደትን በኪሎ፣ በሜትር ተለክቶ በራሱ ለተባዛ ቁመት በማካፈል የሚገኘውን የታወቀ ምጣኔ ነው፤ ለአዋቂዎች፣ ለወንድም ለሴትም እኩል፣ ከ18.5 እስከ 24.9 ያለውን ጤናማ፣ 25ና ከዚያ በላይ ያለውን ከመጠን ያለፈ ይለዋል። ቁመቱ 1.75 ሜትር፣ ክብደቱ 72 ኪሎ የሆነ ወንድ 23.5 ያገኛል። በጥናቱ የተመኙትን 13 ኪሎ ጡንቻ ቢጨምር ምጣኔው ወደ 27.8 ይወጣል፤ አረንጓዴውን ጥላ ለመምሰል የለፋው ሰው የመጀመሪያውን ገጽ ሲከፍት «ክብደት ይቀንሱ» የሚል ምክር ይጠብቀዋል ማለት ነው። ምጣኔው ጡንቻን ከስብ አይለይምና። መሠረቱን በ19ኛው ክፍለ ዘመን የጣለው የቤልጂየሙ የስታቲስቲክስ ሊቅ ኬትሌም ፍላጎቱ የሕዝብን አማካይ ማወቅ እንጂ የአንድን ግለሰብ ሰውነት መዳኘት አልነበረም።

የክብደቱን አካሄድ በሳምንታት ውስጥ ለመከታተል ለሚፈልግ ሰው ሚዛኑን ያለማመንታት እመክራለሁ፤ በየዕለቱ በውኃ ብቻ አንድ ሁለት ኪሎ ከፍና ዝቅ ሊል ስለሚችል፣ መተግበሪያው የሚሥለው የሳምንት አማካይ መስመር በእርግጥ ይጠቅማል። የልብ ምት ማስተካከያ መሣሪያ የተገጠመለት ሰው ግን የኤሌክትሪክ ሞገድ የሚልክ ሚዛን መጠቀም የለበትም፤ ነፍሰ ጡሮችም እንዲሁ ቢቆጠቡ ይመከራል። አመጋገቡን አስመልክቶ ጭንቀት ላለበት ሰውና ለታዳጊ ልጆች ደግሞ መደበኛውን፣ ከስልክ ጋር የማይገናኘውን ሚዛን መግዛት ይሻላል። የሥዕሉን ገጽ ለመደበቅ በቅንብሮች ውስጥ «መነሻ ገጽ» የሚለውን ከፍቶ «ተክለ ሰውነት» የሚለውን ምልክት ማንሳት ይበቃል፤ መተግበሪያው በታደሰ ቁጥር ግን ምልክቱ ተመልሶ ስለሚበራ እንደገና ማጥፋት ያስፈልጋል።