የላሊበላ ጉብኝት፦ አገልግሎቱና አደራው

የላሊበላን 11 ውቅር አብያተ ክርስቲያናት ለመሳለም ወይም ለመጎብኘት ላሰበ ሰው የምመክረው፣ ሁሉንም በግማሽ ቀን ለማዳረስ ከመሮጥ ይልቅ በቤተ መድኃኔዓለም ረዘም ያለ ጊዜ እንዲቆይ ነው። ጫማዎን ለጠባቂው ሰጥተው ሲገቡ፣ ከምንጣፉ ሥር ያለው የአለት ወለል ወጣ ገባነት ለእግርዎ ይታወቃል፤ ከ800 ዓመት በላይ ምእመን የተመላለሰበት ነው። አፍሮ አይገባ የተባለው መስቀል እ.ኤ.አ. በ1997 ከዚህ ተሰርቆ በ2001 ከቤልጂየም የተመለሰ በመሆኑ፣ የካህናቱ ጥንቃቄ በዝቷል ብሎ ማማረር አይገባም።

አስጎብኚዎቹ ስለ ቅዱስ ላሊበላ ዘመን ሲተርኩ ያረካሉ። ቅር ያሰኘኝ ስለ ነገው እምብዛም አለመናገራቸው ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 በአንዳንዶቹ አብያተ ክርስቲያናት ላይ የተተከሉት ትላልቅ የብረት መጠለያዎች ዝናቡን ቢከላከሉም፣ ለጊዜው የታሰቡ ከመሆናቸውም በላይ የአካባቢው ሕዝብ ሊወድቁ ይችላሉ ብሎ ስጋቱን በአደባባይ ሲያሰማ ቆይቷል፤ እንግዳው ይህን ሳይሰማ መመለሱ አግባብ አይመስለኝም። መጠለያ የሌለበት ቤተ ጊዮርጊስ ግን በጠዋት ብርሃን መታየት አለበት።

በአጠቃላይ አገልግሎቱ መልካም ነው። በቅዳሴ ሰዓት ለጉብኝት አይግቡ፣ በሥዕሎቹም ላይ የካሜራ ብልጭታ አይጠቀሙ።