መስኮቱ ተዘጋ፦ የአንቴና መቀያየሪያ ሳጥኔ አንድ ዓመት ሞላው

ባለቤቴ ለሦስት የብርድ ወቅት የታገሠችው አንድ የምድር ቤት መስኮት አለ። በእሱ በኩል ጣት የሚያካክሉ ሦስት ጥቁር ኮአክሲያል (ባጭሩ ኮአክስ) የአንቴና ገመዶች ይገባሉ፤ ስለዚህ ግጥም ብሎ አይዘጋም፣ ክፍተቱን በጨርቅ እወትፈው ነበር። የሜሪላንድ ብርድ ደግሞ ጨርቅ አይፈራም። «የሰው ቤት ማሞቂያ ትጠግናለህ፣ የራስህን ቤት ታበርዳለህ» ትለኛለች። እውነቷን ነው፤ እንጀራዬ የማሞቂያና የማቀዝቀዣ ጥገና ነው።

ገመዶቹ የአማተር ሬዲዮዬ ናቸው፤ ለንግድ ሳይሆን ለፍቅሩ ከሩቅ ሰው ጋር የማወራበት። ጓሮ ውስጥ ሦስት አንቴና አለኝ፦ ለ40 ሜትር ባንድ (የሞገዱ ርዝመት 40 ሜትር ገደማ ለሆነው የሬዲዮ ክልል) 20 ሜትር የሚረዝም ዳይፖል፣ ማለትም በአግድም የተዘረጋ የሽቦ አንቴና፣ ለ20 ሜትር ባንድ 10 ሜትር የሚረዝም ሌላ ዳይፖል፣ ለዚያው ለ20 ሜትር ባንድ ራሴ የሠራሁት 5 ሜትር ቁመት ያለው ቨርቲካል፣ ማለትም ቀጥ ብሎ የቆመ አንቴና። ከአንዱ ወደ ሌላው ለመሄድ ከሬዲዮው ጀርባ ጎንበስ ብዬ አንዱን ኮኔክተር እፈታለሁ፣ ሌላውን አጠብቃለሁ። ቀኑን ሙሉ መሰላል ላይ ለዋለ ወገብ ይህ ደግ አይደለም።

አምና ጥቅምት ላይ ወደ 180 ዶላር አውጥቼ ሳጥኑን ገዛሁ። የሠሪውን ስም አልጠራም፤ ወዳጄም ባላጋራዬም አይደለም። ሳጥኑ ውጭ፣ አንቴናዎቹ አጠገብ ይሰቀላል። ከሬዲዮው አንድ ኮአክስ ብቻ ይገባበታል፣ በሌላ ወገኑ አምስት አንቴና ይቀበላል። ጠረጴዛዬ ላይ ያለውን ቁልፍ ሳዞር 12 ቮልት ሄዶ ውጭ ያለውን ሪሌ (በኤሌክትሪክ የሚሠራ መቀያየሪያ) ይስበዋል፤ ሪሌው የመረጥኩትን አንቴና ከኮአክሱ ጋር ያገናኛል። ሌላ ጥበብ የለውም።

በገበያ ላይ ሁለት ዓይነት አለ። አንደኛው የመቆጣጠሪያውን ቮልት በዚያው በኮአክሱ ውስጥ ስለሚልክ ተጨማሪ ሽቦ አይፈልግም፤ ዓይን የሚስበው እሱ ነው። ነገር ግን መሐል ላይ የገባው የመብረቅ መከላከያ ዲሲ (ቀጥተኛ ጅረት) የማያሳልፍ ዓይነት ከሆነ ቮልቱ እዚያው ይቀራል። እኔ የብቻው ገመድ የሚፈልገውን መረጥኩ፤ ሲበላሽ በቴስተር እየለኩ መከተል ይቀላል፣ ከሥራ የተረፈ ባለ 8 ሽቦ የቴርሞስታት ገመድም ጋራዥ ውስጥ ነበረኝ። «ለዚህ ይቀጥናል» ያለኝ ሰው ነበር። አይቀጥንም። 18 ጌጅ (ጌጅ የሽቦ ውፍረት መለኪያ ነው) ሽቦ 30 ሜትር ሄዶ ሲመለስ 1.3 ኦም ገደማ ነው፤ ሪሌው 100 ሚሊ አምፔር ቢስብ መንገድ ላይ የሚቀረው 0.13 ቮልት ነው። ይልቅ የሚያሳስበው ልባሱ ነው። የቴርሞስታት ገመድ የተሠራው ለግድግዳ ውስጥ ስለሆነ ፀሐይ ሲያገኘው ይሰነጣጠቃል። በፕላስቲክ ቱቦ ውስጥ አሳልፌ ወሰድኩት።

ሳጥኑን ኦክ ዛፉ ሥር ባቆምኩት ቋሚ ላይ፣ ኮኔክተሮቹ ወደ መሬት እንዲያዩ አድርጌ አሠርኩት። ሽቦዎቹን ማሠር ስጀምር መሸ። ግንባሬ ላይ መብራት አሥሬ፣ ካቻቢቴ በአንድ እጄ፣ ስልኬ ላይ መመሪያውን በሌላው ይዤ ጨረስኩ። ልጄን ሳጥኑ አጠገብ አቆምኳትና ምድር ቤት ወርጄ ቁልፉን አዞርኩ። በስልክ «አባዬ፣ ጠቅ አለ!» አለችኝ። ሁለት፤ ጠቅ። ሦስት፤ ጠቅ። አምስቱም ጠቅ አሉ። ገብተን እራት በላን።

ከዚያ ሁለት ሳምንት ሙሉ ስለ ቨርቲካሌ ስለፈልፍ ከረምኩ። ጣሊያኖችን ከዳይፖሉ አስበልጦ ይሰማል እያልኩ፣ በእጄ የሠራሁት ነውና ኩራቱም አልቀረም። አንድ ሌሊት ነፋስ የተሰቀለበትን ገመድ በጠሰና የ20 ሜትር ባንዱ ዳይፖል ሣር ላይ ተኝቶ አደረ። ጠዋት ቁልፉን በየተራ ባዞር፣ መሬት የተኛው ዳይፖል ደህና ነኝ ይላል፣ ቆሞ የሚታየኝ ቨርቲካል ታሟል። ወጥቼ ሳጥኑን ከፈትኩ። በግንባር መብራት ቢጫና ነጭ ሽቦ አንድ ናቸው፤ 2ን (የዳይፖሉን) እና 3ን (የቨርቲካሉን) አቀያይሬ አሥሬአቸዋለሁ። የተመጻደቅኩበት ቨርቲካል ዳይፖሉ ነበር።

ጥፋቱ የኔ ነው፣ ግን መሣሪያውንም አንድ ነገር ልክሰሰው። የቁልፉ መብራት የሚያሳየው ቁልፉ የት እንደቆመ እንጂ ሪሌው የቱን እንደያዘ አይደለም። ውጭ ሽቦ ቢቆረጥም መብራቱ ይበራል። ስለዚህ የመጀመሪያ ቀን ጠቅታ ብቻ አትስሙ፤ አንቴናዎቹን አንድ በአንድ ነቅላችሁ በየትኛው ቁጥር ድምፁ እንደሚጠፋ እዩ።

ከተስተካከለ በኋላ ግን ገንዘቡን ያስረሳኝ ጥቅም መጣ። በአጭር ሞገድ የሚመጣ ድምፅ በሰከንዶች ውስጥ ይነሳል፣ ይወድቃል። ድሮ ኮኔክተር ፈትቼ እስካሥር ባንዱ ራሱ ተለውጦ ስለሚቆየኝ የትኛው አንቴና እንደሚሻል በግምት ነበር የማወራው። አሁን ሰውዬው ቃሉን ሳይጨርስ ሁለቱንም እሰማለሁ። የ20 ሜትር ባንዱ ዳይፖል ፊቱ ከሰሜን ወደ ምሥራቅ 66 ዲግሪ ላይ ነው፤ ጣሊያን በዚያ አቅጣጫ ገደማ ስለምትገኝ ቨርቲካሉ ላይ ኤስ 4 (ኤስ የሬዲዮው የድምፅ ጥንካሬ መለኪያ ነው) የነበረ ድምፅ ዳይፖሉ ላይ ኤስ 6 ሲሆን አይቻለሁ። ሁለት ኤስ ማለት 12 ዴሲቤል፣ በኃይል 16 እጥፍ ገደማ ነው። ብራዚል ደግሞ ደካማ በሆነው በዳይፖሉ ጫፍ በኩል ስለምትውል እዚያ ቨርቲካሉ ይበልጣል። ቢያንስ ግማሹ ኩራቴ ተመለሰልኝ። አንድ ጥንቃቄ፦ እያስተላለፋችሁ ቁልፉን አታዙሩ። በ100 ዋትም ቢሆን የሪሌው መገናኛ በብልጭታ ይቃጠላል።

ውሃ ሌላው ጠላት ነው። የ40 ሜትር ባንዱን አንቴና ኮኔክተር ተራ የኤሌክትሪክ ቴፕ ብቻ ጠቅልዬው ነበር። ጥር ላይ ኤስ ደብሊው አሩ (አንቴናው ከሬዲዮው ጋር መስማማቱን የሚያሳይ ልኬት፤ ወደ 1 ሲቀርብ ይሻላል) ከ1.3 ተነስቶ ከ3 አለፈ፤ ስፈታው ውስጡ አረንጓዴ ሆኗል። ቆርጬ አዲስ በየድኩ። አሁን ከሥር ሲለጠጥ እርስ በርሱ የሚዋሐደውን የጎማ ቴፕ፣ ከላይ ተራውን አደርጋለሁ፤ ገመዱም ወደ ሳጥኑ ከመግባቱ በፊት ወደ ታች እንዲረግብ ትቼዋለሁ፣ ዝናቡ እዚያ እንዲንጠባጠብ።

ሳጥኑ ሲጠፋ አንቴናዎቹን ሁሉ ከግራውንድ (ከመሬት) ጋር ያገናኛል። ጥሩ ነው፣ መብረቅ ግን አያስቆምም። ሥሩ 8 ጫማ የመዳብ ልባስ ያለው ዘንግ መታሁና በ6 ጌጅ መዳብ ከቤቱ የመብራት ግራውንድ ጋር አያያዝኩት። ሁለቱ ተለያይተው ከቀሩ መብረቅ ቅርብ ሲወድቅ በመካከላቸው የሚፈጠረው ቮልት መንገዱን በሬዲዮው ውስጥ ያደርጋል። ያም ሆኖ ሐምሌ ላይ ሰማዩ ሲያጉረመርም ኮአክሱን ከሬዲዮው እነቅላለሁ።

66 ዲግሪ ያልኩት ለጣሊያን ብዬ አይደለም። ከዚህ አዲስ አበባ በዚያ አቅጣጫ 11,500 ኪሎ ሜትር ገደማ ናት፤ 5 ኪሎ ቴክኖሎጂ ግቢ ውስጥ የኢትዮጵያ አማተር ሬዲዮ ማኅበር ጣቢያ አለ፣ መጠሪያው ኢ ቲ 3 ኤ ኤ። እስካሁን አልያዝኩትም። ቅዳሜ ቅዳሜ ቁልፉን 2 ላይ አድርጌ እቀመጣለሁ።

መስኮቱ ተዘግቷል፤ የቀረው አንድ ኮአክስና የመቆጣጠሪያው ገመድ ግድግዳው ውስጥ በበሳሁት ቀዳዳ ይገባሉ። ሳጥኑ ላይ 4 እና 5 ባዶ ናቸው፣ ክዳን አድርጌባቸዋለሁ። ባለቤቴ ባለፈው ጓሮ ስንቀመጥ ቀና ብላ አየችውና «ሦስት ካለህ ለምን ባለ አምስት ገዛህ?» አለችኝ። ቡናው እንዳይበርድብሽ አልኳት።