የቫይቶን ኦይል ሲል፦ ከ11 ወርና ከ14,000 ኪሎ ሜትር በኋላ

ይህን የቫይቶን (ሙቀት የሚችል ጎማ) ሲል፣ ማለትም ዘይት እንዳያፈስ የሚያሽገውን ቀለበት፣ በሞተሩ ክራንክ ሻፍት (ፒስተኖቹ የሚያዞሩት ዋና ዘንግ) የፊት ጫፍ ላይ ከገጠምኩት 11 ወር ሆነው። እስካሁን አንድም ጠብታ አላየሁም። እዚህ ላይ ብጨርስ ግን ከእሱ በፊት የነበረውን ተራ የናይትራይል (ሌላ የጎማ ዓይነት) ሲል መበደል ይሆንብኛል።

ያኛው በሁለት ወሩ አፍስሶ ቺንጋውን በዘይት ሲያርሰው «የማይረባ ዕቃ» ብዬ ወረወርኩት። አዲሱን ገዝቼ ከመግጠሜ በፊት ግን ጥርጣሬ ገባኝ። ፋብሪካ የገጠመውም እኔ የቀየርኩትም ካፈሰሱ፣ ከውስጥ የሚገፋቸው ነገር ይኖር ይሆን? ሞተር ሲሠራ በፒስተን ፋሻዎቹ (ፒስተኑን ከሲሊንደሩ ጋር በሚያሽጉት ቀለበቶች) በኩል እያመለጠ ወደ ክራንክኬዝ፣ ክራንክ ሻፍቱ ወዳለበት የሞተሩ ታችኛ ክፍል፣ የሚወርድ ጋዝ አለ። ይህ ጋዝ በፒሲቪ ቫልቭ (ለእሱ መውጫ በተሠራው ትንሽ ቫልቭ) በኩል ወደ አየር ማስገቢያው ተስቦ መቃጠል አለበት። ያ መንገድ ከተዘጋበት ግፊቱ የሚያርፈው ሲሉ ከንፈር ላይ፣ ማለትም ሻፍቱን በሚነካው ጠርዙ ላይ ነው።

መለኪያውን ራሴ ሠራሁት። ግልጽ የፕላስቲክ ቱቦ እንደ ፈረስ ጫማ አጥፌ ሰሌዳ ላይ አሰርኩ፤ ቀይ ቀለም የገባበት ውሃ እስከ ግማሹ ሞላሁ፤ አንዱን ጫፍ የዘይት መለኪያ ዘንጉ በሚገባበት ቀዳዳ ላይ አየር እንዳያሳልፍ አድርጌ ገጠምኩ። (ቱቦው ረጅም ይሁን፤ አለበለዚያ ሞተሩ ውሃውን ሊጠጣው ይችላል።) ሞተሩ ሞቆ በዝቅተኛ ዙር ሲሠራ ውሃው ወደ ውጭ ተገፋ፤ በሁለቱ ዓምዶች መካከል የ6 ሴንቲ ሜትር ልዩነት ነበር። 10 ሴንቲ ሜትር ውሃ 1 ኪሎ ፓስካል አካባቢ ስለሆነ ቁጥሩ ኢምንት ይመስላል፤ ጤነኛ ሞተር ግን በዚህ ዙር ውሃውን በጥቂቱ ወደ ራሱ መሳብ ነበረበት። ቫልቩን ፈትቼ ብነቀንቀው ድምፅ የለውም፤ በጥቀርሻ ተደፍኗል። በአዲስ ተክቼ ቱቦዎቹን ሳጥብ ውሃው ዞሮ 2 ሴንቲ ሜትር ወደ ሞተሩ ተሳበ። መግፋቱን ቢቀጥል ኖሮ ጥርጣሬዬ ወደ ፋሻዎቹ ይሄድ ነበር፤ ያ ደግሞ ሞተር ማውረድ ነው።

ወደ ሲሉ ልመለስ። ቫይቶን ወደ 200 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ የሚደርስ ሙቀት ይችላል፤ ናይትራይል ከ100 ብዙም ሳያልፍ መድረቅ ይጀምራል። ቫይቶኑ ግን ግትር ነው። የመጀመሪያ ምቴ ጠመም ብሎ ከከንፈሩ ጀርባ ያለችው ቀጭን የቀለበት ስፕሪንግ ዘልላ ወጣች። ሳላያት ብገጥመው ጥፋቱን አሁንም በዕቃው ላይ አሳብብ ነበር። አሮጌውን ሲል በላዩ ደርቤ ዙሪያውን በእኩል መታ መታ ሳደርገው በሰላም ገባ። ሻፍቱ ላይ አሮጌው ከንፈር የቆፈረውን መስመር ጥፍሬ ያዘው፤ ስለዚህ አዲሱን 1 ሚሊ ሜትር ወደ ውጭ ትቼ ከንፈሩ ያልተበላ ብረት ላይ እንዲያርፍ አደረግኩ።

ቅሬታዬ በማሸጊያው ላይ ነው፤ አንድ መስመር መመሪያ የለውም። የዚህ ሲል ከንፈር ዘይት ተቀብቶ ይገባል፤ የቴፍሎን ከንፈር ያላቸው ደግሞ በደረቁ ይገጠማሉ። ይህን የማያውቅ ሰው ጥሩውን ዕቃ በገጠመበት ቀን ያበላሸዋል። በስድስተኛው ወር ፑሌጃው (ቺንጋው የሚዞርበት መዘውር) ጀርባ አቧራ የያዘ እርጥበት አይቼ ደንግጬ ነበር፤ ጠርጌው አልተመለሰም፣ የድሮው ዘይት ቅሪት ነበር። ባለፈው ሳምንት ዘይት ስቀይር ቱቦውን እንደገና ገጠምኩት፤ ውሃው አሁንም 2 ሴንቲ ሜትር ወደ ሞተሩ ይሳባል።